ነጭ የለበሰ ሰም

ኮከቤ ሰው ስታምን አይቻለሁ የሚል ካለ ዋሽቷል። ቀየት ገበያ ላይ አንዲት ድንች እንኳ ሳታሸት አትገዛም። ድንች ምን ይሸታል? እሷን ጠይቋት። መጀመሪያ በአውራ ጣቷ ጥፍር ፋቅ ታደርጋለች፤ ቀጥላ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ሻጩን ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋት «መጣች ባለ አፍንጫዋ!» ይባባላሉ። ሰምታ አትቀየምም፤ ጭራሽ ደስ ይላታል። «ይሄ አፍንጫ ባይኖረኝ ስንቱ አጃጅሎኝ ነበር» ትላለች።

ነገሩ የጀመራት በሙሽርነቷ ነው አሉ። ለአማቷ መጀመሪያ የገዛችው ቅቤ ላዩ ቅቤ፣ ውስጡ የተቀቀለ ድንች ሆኖ ተገኘ። አማትየዋ ድስቱን እያማሰሉ «ልጄ፣ ቅቤሽ አልቀልጥ አለኝ፤ ልላጠው እንዴ?» ብለው ቤቱን በሳቅ አፈረሱት። ባሏ አባይነህም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብሮ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥፍሯንም አፍንጫዋንም ሥራ አስያዘቻቸው።

መልኩን የሚለውጥ ነገር ሁሉ ጠላቷ ሆነ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን የዓለሙን ነገር በሦስት ከፍላ አስቀምጣዋለች። አንዱ የሚቀመጥ ነው፤ ድንጋይ፣ ምሰሶ፣ ማረሻ። ካኖሩት ቦታ አይነቃነቅም፤ ተመልሰው ሲመጡ እዚያው ይጠብቃል። ሁለተኛው የሚሄድ ነው፤ ውሃ፣ ወተት፣ ጠላ። ዕቃ ካልያዘው ጥሎ ይሄዳል፤ ዕቃ ከያዘው ደግሞ የዕቃውን ቅርጽ ይዞ ቁጭ ይላል፤ አስመሳይ ነው። ሦስተኛው የሚሸሽ ነው፤ እንፋሎት፣ ጭስ፣ ሽታ። ያዝኩት ሲሉት የለም። ይሄም ባልከፋ። እሷን የሚያናድዳት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘለው ነው። ውሃን እንኳ ታማዋለች። በታኅሣሥ የጓሳ ተራራ ነፋስ ሲወርድ ደጅ ያደረ የባልዲ ውሃ ሲነጋ ድንጋይ ሆኖ ይገኛል። እሳት ላይ ሲጥዱት ይሄዳል፤ ትንሽ ሲቆይ ይሸሻል። «ሦስት ፊት ያለው ነገር ምኑ ይታመናል?» ትላለች ኮከቤ። ከዚያ ትጠጣዋለች፤ ምን ታድርግ።

ልጇ ሰርካለም ራቤል ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምራለች። እናቷን ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር ክርክሩ ይነሳል።

«እማ፣ አንቺ እኮ ሳታውቂው የኔን ትምህርት ነው የምታስተምሪው» ትላታለች። «የሚቀመጥ ያልሽው ጠጣር ነው። የሚሄደው ፈሳሽ። የሚሸሸው ጋዝ። ቁስ ሁሉ የሚመደበው በዚህ ነው።»

«ዱቄትስ? ዱቄት ከቁና ሲገለበጥ ይሄዳል።»

«እያንዳንዷ ቅንጣት ጠጣር ናት። ብዙ ሆነው ስለሚንሸራተቱ ነው የሚፈሱ የሚመስሉት።»

«አየርስ? አየርን ደግሞ ማን አይቶት መደበው?»

«አየርም ቁስ ነው። ቦታ ይይዛል፤ ክብደትም አለው።»

«ክብደት ካለው እስቲ አንድ ቁና ተሸክመሽ አምጪልኝ!»

ሰርካለም በዚህ አትሸነፍም። «የአይሱዙው ጎማ ውስጥ ምን ያለ ይመስልሻል? ያን ሁሉ ጭነትና ያን ሁሉ ሰው የተሸከመው አየር ነው» ትላለች። ኮከቤ አመንኩ አትልም። ግን ይሄን ከሰማች ወዲህ አይሱዙ ስትሳፈር ጎማውን በእግሯ መታ መታ ሳታደርግ አትወጣም።

አንድ ጊዜ ሰርካለም ነገሩን ልታሰፋው ፈልጋ «አራተኛም አለ፤ ፕላዝማ ይባላል። መብረቅ ውስጥ ያለው እሱ ነው» አለቻት።

«የቱ ፕላዝማ? ያ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የተበላሸው ቴሌቪዥን?»

ሰርካለም ሳቋ አነቃት። ኮከቤ ግን ፊቷን ሳትፈታ «ከመብረቅ ጋር መድበውት ነዋ! ለካ ለዚህ ነው የተቃጠለው» አለች።

«ዋናው ነገር እማ» አለች ሰርካለም እንባዋን እየጠረገች፣ «በረዶም ሆነ፣ ውሃም ሆነ፣ እንፋሎትም ሆነ፣ ነገሩ ያው አንድ ነው። የተለወጠው ሁኔታው ነው እንጂ።»

«እሱን ነው የማልወደው» አለች ኮከቤ።

እንግዲህ የእግዜርን ነገር እዩት! ይቺ መልክ የሚለውጥ ነገር የማትወድ ሴት ሥራዋ ሰም ሆነ። አባይነህ ከሞተ ወዲህ ለመንደሩ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጧፍ የምትሠራው እሷ ናት። ሰሙን በሸክላ ታቀልጣለች፤ የጥጡን ፈትል ትነክርበታለች፤ ሳይደርቅ ጣውላ ላይ በመዳፏ እያንከባለለች ታቀጥነዋለች። የተቀመጠው ሰም ይሄዳል፤ የሄደው ተመልሶ ይቀመጣል፤ ሲለኮስ ደግሞ ይሸሻል። ሦስቱንም ዓይነት አመል በአንድ ቀን ታያለች። «ለማርያም ስል ነው የምችልህ» ትለዋለች ሰሙን። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ባስልዮስ ከሷ እጅ ካልሆነ ጧፍ አይቀበሉም። «የወለተ ማርያም ጧፍ አያጨስም» ይላሉ፣ በክርስትና ስሟ እየጠሩ። ይቺ ቃል ለኮከቤ ከከብትም ከመሬትም በላይ ናት። «እኔ በማልገባበት መቅደስ ጧፌ ይገባል» እያለች ነው የምትኖረው።

ሰሙን የምታመጣላት ዙሀራ ናት። ዙሀራ ከደጋው ጫፍ፣ ከገደሉ ሥር ካለው ቆላ ከተማ ናት፤ ከማር ሻጮች ሰፈፍ ትገዛና አፍልታ፣ አጥልላ፣ በጣሳ አርግታ ድቡልቡሉን ቀየት ገበያ ታወጣዋለች። መጀመሪያ የተገናኙ ቀን ኮከቤ ሰሙን ፋቀች፣ አሸተተች፣ አልበቃ ብሏት ነከሰችው። ዙሀራ አየቻትና «ጨው ላምጣልሽ?» አለቻት። ኮከቤ ሳታስበው ሳቀች። ጓደኝነቱ የተጀመረው በዚያች ሳቅ ነው።

ሰው ሁሉ ኮከቤን በዕድሜዋ አክብሮ «እትዬ» ይላታል። ዙሀራ ግን «አንቺ አፍንጫ» ነው የምትላት። አንቺ፣ አንቺ ተባብለው ነው የኖሩት። አባይነህ ሲሞት መኪና የለም ቢሏት ዙሀራ ያን ገደል በእግሯ ወጥታ ሀዘን ላይ አብራት ተቀምጣለች። በሥጋ እንደሆነ አይገናኙም፤ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውንም ሙስሊም አይበላም። ይሄንን ሁለቱም ያከብሩታል። ኮከቤ ቤት የክርስቲያን ሥጋ ነክቶት የማያውቅ የዙሀራ የብቻዋ ድስት አለ። ለፋሲካ ደግሞ አንድ ጠቦት ተለይቶ ይቀመጣል፤ የዙሀራ ባል ናሲር ወጥቶ በገዛ እጁ ያርደዋል፤ እነሱ ከዚያ፣ ኮከቤ ከራሷ ድስት በልተው አብረው ይጫወታሉ። ኮከቤ ከሰው ወገን «የሚቀመጥ» ብላ የመደበችው አንድ ሰው ቢኖር ዙሀራ ናት። ሰሟን ማሽተት ግን አልተወችም። ዙሀራም ለምዳዋለች፤ «አሽትቺ፣ አሽትቺ፤ ንፍጥሽ እንዳይነካብኝ ብቻ» ትላታለች።

ዘንድሮ የነቢያት ጾም ሲጋመስ ኮከቤ ለገና ጧፍ ልትሠራ ሳጥኗን ከፈተች። የዘንድሮ ብርድ ጉድ ነበር፤ ጠዋት የበጎቹ ጀርባ ላይ ሳይቀር አመዳይ ተቀምጦ ይታይ ነበር። ሌላ ጊዜ ሰም እንደመጣ ወዲያው ነው ወደ ሥራ የሚገባው። በጥቅምት ግን ዙሀራ «የማሩ ወቅት ሳያልፍ ያዢ» ብላ ብዙ አምጥታላት ስለነበር ከፊሉ ለኅዳር ጽዮን ተሠርቶ የተረፈው ከጥቂት ጧፎች ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ከርሟል።

ጨርቁን ስትገልጠው ክው አለች። ሰሙ ነጭ ለብሷል። ቢጫው ገላው ላይ ዱቄት የመሰለ ስስ ነጭ ነገር ድፍን አድርጎ ተቀምጦበታል። ጧፎቹም እንደዚያው። በጥፍሯ ፋቀችው፤ ጥፍሯ ሥር ነጭ ገባ። አሸተተችው፤ በዚያ ብርድ ምን ሊሸት? የማሩ ሽታ የለም።

«ሞራ!» አለች ለብቻዋ።

ሲረጋ ነጭ የሚሆን ምን አለ? የከብት ሞራ ነዋ! ሰሙ እንዲበዛላት ሞራ አቅልጣ ቀላቅላበታለች። በጾም ሞራ፣ ያውም መቅደስ በሚገባ ጧፍ፣ ያውም ናሲር ያረደው። አንዴ እንዲህ ማሰብ ከጀመረች ወዲያ ማን ይመልሳታል? ናሲር የበግ ነጋዴ አይደል እንዴ፣ የሚያርደው በግ ሞራ የት ይገባል? ያን ቀን ሰሙን ስትነክሰውስ ዙሀራ ለምን ቀለደች? ለምን ዘንድሮ ይሄን ያህል አበዛችው? ለደግነት ነው ያለችው ሁሉ ተንኮል ሆኖ ታያት። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ኅዳር ጽዮን ነው። ያን ዕለት የበራው ጧፍ ከዚሁ ሰም ነው። በገዛ እጇ ሞራ መቅደስ አስገብታ ከሆነስ? መደቡ ላይ ዘፍ አለች።

ሰርካለም በዚያው ሰሞን መጥታ ነበርና አሳየቻት። ሰርካለም ሰሙን አገላብጣ አየችው።

«ጠጣር ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ነጭ ለምን እንደሚለብስ ግን አላውቅም እማ። የሚያውቅ ሰው ጠይቄ እነግርሻለሁ።»

«ሞራ ነው።»

«ሳናውቅ ሞራ ነው አይባልም! የሰው ስም ነው፤ ያውም የዙሀራ። እስክደውልልሽ ድረስ በማርያም አፍሽን ያዢ።»

ኮከቤ በማርያም ተብላም አፏን አልያዘችም። ገበያው በማግስቱ ነበር።

ዙሀራ እንደ ወትሮዋ ከሰሞቿ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ኮከቤን ስታይ «አንቺ አፍንጫ፣ የት ጠፋሽ?» ብላ ልትስማት ተነሳች። ኮከቤ ጉንጯን አልሰጠችም። ነጩን ሰም ከዘንቢሏ አውጥታ ፊቷ አስቀመጠች። ለብቻዋ ጠርታ መጠየቅ ስትችል፣ ሰው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ዙሀራ፣ ይሄን በግ ማን ነው ያረደው?» አለች።

ሌላ አልጨመረችም፤ መጨመርም አላስፈለጋትም። ገበያተኛው ነገር አይጠፋውም። በርበሬ ሻጯ መስፈሪያዋን በእጇ እንደያዘች ቀረች። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። ሰም ሊገዛ የቆመ ሰው ያነሳውን መልሶ አስቀመጠና ጣቶቹን በጋቢው ጠረገ።

ዙሀራ ሰሙን አየችው። ኮከቤንም አየቻት። ኮከቤ፣ ዙሀራ ትጮኻለች፣ ትምላለች፣ ትራገማለች ብላ መልሷን በአፏ አዘጋጅታ ነበር። ዙሀራ ግን ሻሿን አስተካከለችና ቀስ ብላ፣

«እርስዎ ካሉ እንግዲህ ነው፣ እትዬ ኮከቤ» አለች።

እርስዎ! ምነው ብትሰድባት! «እርስዎ» ደግ ቃል ነው፤ ለካህን ነው፣ ለሽማግሌ ነው፣ ለአማት ነው። ዕድሜ ልኩን አንቺ ሲልሽ የኖረ ሰው አንድ ቀን ተነስቶ እርስዎ ካለሽ ግን በሩን ዘግቶብሻል። ኮከቤ ያዘጋጀችው መልስ ለዚህ አይሆንም። ዙሀራ ሰሟን በማዳበሪያ ከተተች፣ አይሱዙው ላይ ወጣች፣ ሳትዞር ሄደች። በሚቀጥለው ገበያ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አልታየችም። ሌላ ከቆላ የመጣ ሰም ሻጭ እንኳ ዕቃውን እንደያዘ ተመለሰ። «ሞራ ነው አሉ» ከአፍ አፍ ዞረ።

ኮከቤ ልክ ነኝ ብላ ቤቷ ገባች፤ ልክ የሆነ ሰው ደስታ ግን አልተሰማትም። ያቺን የዙሀራን ድስት ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን አንስታ ልትጥላት በር ድረስ ወጣችና መልሳ ሰቀለቻት። ለመምሬ መንገርም ፈራች። ይሄን ሲሰሙ ከእንግዲህ የወለተ ማርያም ጧፍ አይገባም ቢሉስ? ይሄ ደግሞ በአፍንጫ ተሽትቶ የሚታወቅ አይደለም።

ወሬው ግን ከሷ ቀድሞ ደጀ ሰላም ደርሶ ኖሮ መምሬ «ያለሽን ሰምና ጧፍ ይዘሽ ነይ» ብለው ላኩባት። ጧፎቹን ዘንቢል ውስጥ አደረገች። ድቡልቡሉን ግን መንገደኛ እንዳያይባት በጉያዋ ወሸቀችና የበግ ጠጉር ባና ደርባ ወጣች። አቀበቱ ጠና፤ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ ከባናው ሥር ግን አላባት።

መምሬ ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው ጠበቋት። ጧፎቹን አወጣችላቸው፤ ነጭ ናቸው። አላማተቡም፣ አልተቆጡም።

«ድቡልቡሉስ?»

ከጉያዋ አወጣችው። ቢጫ! ጥርት ያለ ቢጫ፣ ለመድኃኒት እንኳ ነጭ የለበትም፤ ሞቆት ወዝቶ ያብለጨልጫል።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ማንን ይመስላችኋል? የገዛ ጉያዋን! ባናውን አራገፈች፣ መቀነቷን ፈታ ፈተሸች። ቀጥላ መንገድ ላይ አቅፋ የሳመቻትን ጎረቤቷን ጠረጠረች።

«ለወጡብኝ መምሬ! ሰሙን ለወጡብኝ!»

«ከጉያሽ ገብቶ የሚለውጥብሽ ማን ነው ወለተ ማርያም?» አሉ መምሬ። አንዱን ጧፍ አነሱና ትንፋሻቸውን እፍ አሉበት፤ በአውራ ጣታቸውም አሸት አሸት አደረጉት። ነጩ ጠፋና ቢጫው ወጣ። እሳቸውንም ገረማቸው፤ በሌላው ጧፍ ደገሙት፤ ያውም ጠፋ። ከዚያ ክብሪት ጭረው ለኮሱትና ወደሷ አስጠጉት።

«በይ አሽትቺ። ሙያሽ አይደል?»

አሸተተች። ማር ነው። ጥርት ያለ የቆላ ማር። የከብት ሞራ ቢሆን የጥብስ ሽታ በሸተተ፤ ጾም ላይ ያለ ሰው ደግሞ የጥብስ ሽታ አይስተውም።

«ለኅዳር ጽዮን ይሄንኑ ሰም ስታቀልጪው ምን ምን አለሽ?»

«ማር ማር ነው ያለኝ» አለች።

«ታዲያ?»

ታዲያ! ይቺ ቃል ነች አጥንቷ ውስጥ የገባችው። በገዛ ሸክላዋ አቅልጣ፣ በገዛ አፍንጫዋ አሽትታ፣ ማር መሆኑን አውቃ ነበር። ያወቀችውን ትታ ያየችውን አመነች። እንባዋ መጣና ባናዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ብርዱ ነው ያለበሰው» አሉ መምሬ። «የኔ ጉዳይ እዚህ ላይ አለቀ፤ ጧፍሽ ይገባል። ያንቺ ጉዳይ ግን አላለቀም።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ስልኳ ጮኸ። ሰርካለም ናት። «እማ፣ ጠየቅኩልሽ! ንጹሕ ሰም ብርድ ላይ ሲከርም ነጭ ይለብሳል። ከራሱ ከውስጡ ነው የሚወጣው። ሞቅ ሲለው ይጠፋል። እንዲያውም የንጹሕነቱ ምልክት ነው አሉኝ። ምነው ዝም አልሽ? እማ? ተናግረሽ ነበር እንዴ?»

ኮከቤ ስልኩን ዘጋችው።

በገበያው ቀን ዙሀራ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ሄዳ ቆመች። በርበሬ ሻጯ ቀና አለች፤ የፊተኛው ሽማግሌም እዚያው ነበሩ። ኮከቤ ያን ቀን ከፍ ያደረገችውን ድምፅ ዛሬም ከፍ አደረገችው።

«ስሙኝ! የዙሀራ ሰም ንጹሕ ነው። ሞራ ያለው እኔ ዓይን ላይ ነው!»

አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አዘነላት። «ይሄን ለሷ ብትነግሪያት አይሻልም?» አለቻት በርበሬ ሻጯ። ይሻላል እንጂ! ቀጥታ ወደ አይሱዙው ሄደች። ዘንቢል አልያዘችም፤ ሆን ብላ ነው። ለገና የሚያስፈልገው ሰም ገና ብዙ ነው፤ ያላት ግማሹንም አይሆንም። ግን ዘንቢል ይዛ ብትሄድ ዙሀራ «ሰም ቸግሯት መጣች» ብላ ትጠረጥራለች። መጠርጠር ምን እንደሆነ ከኮከቤ በላይ ማን ያውቃል?

ጎማውን ሳትመታ ተሳፈረች። ገደሉን ሲጠማዘዙ አየር ላይ ተቀምጣ እየወረደች መሆኗ ትዝ አላት። ከዚህ አየር የዙሀራን ቃል ማመን ይከብድ ነበር? ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ ጨመረ። መጀመሪያ ባናዋን አወለቀች፣ ቀጥላ ሹራቧን፤ ፍርሃቷ ግን እዚያው ነው። በር ላይ ቆማ ብትመልሰኝስ? ናሲር ፊቱን ቢያዞርብኝስ? ልጃቸው ሰሚያ ያቺ በፋሲካ ጭኔ ላይ ተኝታ ያደገች ልጅ፣ ባታውቀኝ ብትሆንስ?

ዙሀራ ጓሮ ሰም ታጠልል ነበር። እጇን እየጠረገች በር ላይ መጣች። አየቻት። ፊቷ አልተለወጠም።

«ይግቡ» አለች።

ገባች።

«ይቀመጡ። መንገዱ ደክሞዎታል።»

ተቀመጠች። ሻይ ቀረበላት። «ይጠጡ፤ ስኳር ካነሰዎት ይጨምሩ።» እያንዳንዷ ቃል ትክክል ናት፤ እንከን አይወጣላትም። ኮከቤ ግን ዙሀራ ስትናደድ ታውቃለች፤ ዙሀራ ስትናደድ ድስት ትወረውራለች እንጂ ስኳር አታቀርብም። በታኅሣሥ ጠዋት ባልዲው ላይ የምታየውን ድንጋይ የሆነ ውሃ ነው የመሰለቻት።

«ዙሀራ፣ በድዬሻለሁ» አለች። «ሰሙ ንጹሕ ነው። ብርዱ ነው ያለበሰው። እያወቅሁሽ ነው ያላወቅሁሽ። እህቴ፣ ሰው ፊት አዋረድኩሽ፤ ሰው ፊትም ተናግሬ መጥቻለሁ። ይቅር በይኝ።» ከዚህ በላይ አልቻለችም፤ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

«ግድ የለም፤ ይተዉት» አለች ዙሀራ። «ሰው ነዎት፤ ይሳሳታሉ።»

አልቀለጠም። ኮከቤ ሻይዋን ሳትነካ ተነሳች። ምን ትሁን? ይቅርታ ተጠየቀ፣ ይቅርታ ተሰጠ፣ ነገር ግን አንቺ የለም። በር ላይ ስትደርስ ዙሀራ ወደ ጓሮ ገባ ብላ አንድ ድቡልቡል ሰም ይዛ መጣች፤ አሁን የረጋ፣ ሙቀቱ ያልለቀቀው።

«ለገና ሰም የለም ሲሉ ሰማሁ። ይሄን ይውሰዱ። ለማርያም ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም።»

ኮከቤ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። ልታመሰግናት አፏን ከፈተች። እጇ ግን! ያ የተረገመ እጇ! አውራ ጣቷ በጥፍሩ ፋቅ አደረገ፤ ሰሙ ቀስ ብሎ ወደ አፍንጫዋ ወጣ፤ ሽው አደረገችው። የማሩ ሽታ አናቷ ድረስ ሲገባ ነው ያደረገችው የታወቃት። ሰሙን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ዙሀራ አየቻት። ዓይኗ ፈጠጠ።

«አንቺ!» ብላ ጮኸች። «አንቺ አፍንጫሽ ይቆረጥና! አሁንም? እዚህ ቤቴ መጥተሽ? በድዬሻለሁ ብለሽ አልቅሰሽ፣ እንባሽ እንኳ ሳይደርቅ ታሸቻለሽ? አንቺ ዓይን አውጣ! አንቺ ምን ዓይነት ፍጥረት ነሽ? ናሲር! ናሲር ናና ይቺን ጉድ እያት!»

ኮከቤ ሰሙን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እንባዋ እንደ አዲስ ወረደ፤ ፊቷ ግን እየሳቀ ነበር።

«ስደቢኝ» አለች። «አንቺ በይኝና የፈለግሽውን ያህል ስደቢኝ።»

ዙሀራ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ራሷ ያለችውን አሁን ነው የሰማችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ትሳቅ ታልቅስ አይለይም። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ጣቷን ወደ መቀመጫው ቀሰረች።

«ቁጭ በይ እዚያ» አለች። «ሻይሽ ቀዝቅዟል፤ ሌላ ልቅዳልሽ።»

ኮከቤ ቁጭ አለች፤ አዲሱን ሻይ ተቀብላ ሳታሸተው ጠጣችው።